ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ምሳ

በእኛ ከተማ አንድ መጋቢ የምእመናኑን ቤት ሁሉ ዞሮ ምሳ ሳይበላ መድረክ ላይ ቆሞ አፉን መክፈት አይፈቀድለትም። ይህን የምነግራችሁ እንድትስቁብን አይደለም። ደንቡ ሲወጣ በቂ ምክንያት ነበረው። በአያቶቻችን ዘመን አንድ መጋቢ ከሩቅ መጣና በመጀመሪያው እሑድ ስለ ስስት ሰበከ። ስብከቱ እንዳለቀ በከተማው የነበሩት ሰማንያ ቤቶች በሙሉ "እኔን ነው የነካው" ብለው ተቀየሙ። በኋላ ሲጣራ ሰውየው የማንንም ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ እንዲያው በደፈናው ነው የተናገረው። አያቶቻችን ተሰበሰቡና "ቤታችንን ሳያይ፣ ወጣችንን ሳይቀምስ አይስበከን" ብለው ወሰኑ። እኔ እስከ ዛሬም ውሳኔው ላይ ስህተት አላየሁበትም። ችግሩ የመጣው ሰማንያው ቤት ሰማንያ ሆኖ ባለመቅረቱ ነው። ወንድም ከወንድሙ፣ አማት ከምራቷ በተጣላ ቁጥር አንዱ ቤት ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱም መጋቢውን ምሳ የመጋበዝ መብት አላቸው። እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስት መቶ አሥራ አንድ ደረስን።

ታሪኩ ግን የወይዘሪት ትብለጥ ነው። ትብለጥ የምሳ መዝገብ ጠባቂያችን ናት፤ ሥራውን የወረሰችው ከአባቷ ነው። የምሳ ቀን ማክሰኞና ሐሙስ ነው። በእነዚህ ቀናት መዝገቧን ታቅፋ ከመጋቢው ኋላ ትሄዳለች፣ ባለተራው ቤት ደጃፍ ላይ ትቆማለች፣ መጋቢው ቢያንስ ሦስት ጊዜ መጉረሱን በዓይኗ ታያለች፤ ከዚያ እጁን ሲታጠብ ጠብቃ ከቤቱ ቁጥር ፊት ለፊት አንዲት ቃል ትጽፋለች፤ "በላ"። አንድ ጉርሻ ያጣላል በሚባልበት አገር ሦስት በዛ የሚባል አይደለም። መዝገብ ጠባቂ ግን አትቀመጥም፣ አትበላም። እጇ ወጥ ከነካ መዝገቡ ይቆሽሻል ይላል ደንቡ። አባቷ ሊሞቱ ሲሉ መዝገቡን ሰጥተዋት፣ "ልጄ፣ ያላየሽውን አትጻፊ፤ ያየሽውን አታስቀሪ" አሏት። ሌላ ውርስ አልነበራቸውም።

ቃላቸውን ምን ያህል እንደጠበቀች ሁላችንም እናውቃለን። ከአሁኑ በፊት የነበረው መጋቢ ሁለት መቶ አራተኛው ቤት ላይ ሁለት ጎርሶ ሆዱን ይዞ ተነሳ። ትብለጥ እያለቀሰች ምንም ሳትጽፍ መዝገቡን ዘጋች። ሦስት ሳይጎርስ ከማዕድ የተነሳ መጋቢ ደግሞ ከአንደኛው ቤት እንደገና ይጀምራል። መጋቢው ይህ ሲነገረው ልጸልይ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። በሌላ ከተማ አትክልት ተክሎ ይኖራል ይባላል። ምሳ አይበላም አሉ።

ትብለጥ ያለቀሰችው ለእርሱ አዝና ብቻ አልነበረም። ጌጡ የሚባል እጮኛ አላት። ጌጡ ፍራሽ ሰፊ ነው፤ ቤቱ ከእርሷ ቤት ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። በከተማችን ትዳር የሚባርከው የሰበከ መጋቢ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው የሰበከ መጋቢያችን ደግሞ ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ያረፉትም የእነ ጌጡ ሠርግ ሊሆን አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ጌጡ ለሠርጉ ብሎ የሰፋው ሰፊ ፍራሽ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ይፈታዋል፣ ጥጡን ፀሐይ ላይ ያሰጣል፣ ይነድፋል፣ መልሶ ይሰፋዋል። ያን ጊዜ በአጥሩ ላይ የሚነጋገሩትን ጎረቤቱ ሁሉ በቃሉ ይዞታል።

"ትብለጥዬ፣ እኛስ ወደዚያኛው ከተማ ሄደን ተጋብተን ብንመጣ? የግማሽ ቀን መንገድ ናት። የቸኮለው ሁሉ እንዲያ አድርጎ የለም?"

"ሌላው ያድርግ። እኔ የራሴን ደንብ ሽሬ ማክሰኞ ማክሰኞ በምን ዓይኔ ሰው ደጃፍ እቆማለሁ?"

"እንግዲያው ጥጡን ላናፍሰው።"

"አናፍሰው" ትላለች፤ ወደ ቤቷ ትገባለች። እርሷ አርባ ዘጠኝ፣ እርሱ ሃምሳ ሦስት ሆኗቸዋል።

አትክልተኛው መጋቢ ከጠፋ በኋላ አዲስ ፍለጋ ተጀመረ። መጋቢ የሚፈልገውም የሚቀበለውም አንድ ሸንጎ ነው፤ ሰብሳቢው አቶ ድንበሩ ናቸው። አቶ ድንበሩ በደንቡ መሠረት መጋቢውን በየምሳው ያጅባሉ። በሁለት መጋቢዎች ጊዜ ብቻ ከሦስት መቶ በላይ ምሳ አጅበዋል፤ ቀበቷቸው ላይ የተበሱት አዳዲስ ቀዳዳዎች ይመስክሩ። ሸንጎው ደግሞ መጋቢው በሰበከ ማግስት ይፈርሳል። ይህን አቶ ድንበሩ አንድም ቀን ከፍ ባለ ድምፅ ተናግረውት አያውቁም፤ ረስተውትም አያውቁም።

ሦስት ሰዎች ለፈተና ቀረቡ። ፈተናው እንግዲህ ምሳ ነው። የመጀመሪያው አንደበቱ ማር ነው የተባለለት፣ አሥራ አራት ገጽ የምስክር ወረቀት ያመጣ ሰው ነበር። "ጨጓራ ስላለብኝ ቅባት ይቀነስልኝ" ሲል ጊዜ ሳይፈጅ ተሰናበተ። ሁለተኛው የቀረበለትን ጨርሶ የሸንጎውን ድርሻም ጠረገው። አቶ ድንበሩ "ይህ ሰው በዓመት ውስጥ ያዳርሰናል" ብለው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛው ልሳኑ የሚባል፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የሰፋ ቀጭን ወጣት ነው። አንድ ጉርሻ ይጎርስና አጠገቡ ያለው ሰው ወሬውን እስኪጨርስ ድረስ እየሰማ ያላምጣል። አንዲት ሳህን ምስር ሁለት ሰዓት ወሰደበት። አቶ ድንበሩ ፊታቸው በራ፤ በእርሳቸው ስሌት እንዲህ የሚያላምጥ ሰው አይታመምም፣ አይቸኩልም። በአንድ ድምፅ ተመረጠ።

በመጣ ቀን አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ወጥተን "እንኳን ደህና መጡ፤ ይብሉ" የሚል ጨርቅ ዘርግተን ተቀበልነው። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ለመጀመሪያው እሑድ ያዘጋጀው ስብከት ነው። ትብለጥ ወደ ጎን ወሰደችውና ደንቡን አስረዳችው። ወጣቱ ወረቀቱን ደጋግሞ አየው።

"እስከዚያ ምን ልሥራ እህት ትብለጥ?"

"ይበላሉ።"

"ሰዎቹ ሲያወሩኝስ? ማዳመጥ ይፈቀድልኛል?"

ትብለጥ የደንቡን ደብተር ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየች። "የሚከለክል አላገኘሁም" አለችው። መጋቢ ልሳኑ ወረቀቱን መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

አንደኛው ቤት የአቶ ድንበሩ ነው፤ ምን ጊዜም አንደኛው የእርሳቸው ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች በሙያዋ የታወቀች ናት። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እየተባለ ተቀጠለ። አብዛኛው ቤት ለመጋቢ ዶሮ ነው የሚሠራው። እሑድ እሑድ ዘምረን፣ ጸልየን፣ መጋቢው ወንበሩ ላይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አይተን እንበተናለን። ማክሰኞና ሐሙስ ይበላል። ትብለጥ ከምሳ ስትመለስ ቤቷ ገብታ ቆሎ ትቆረጥማለች፤ ጌጡ በአጥሩ ላይ "ስንተኛው ነው?" ይላታል፤ ቁጥሩን ትነግረዋለች። በዚህ አካሄድ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ጌጡ ጣቶቹን ቆጥሮ ለሦስት ክረምት የሚሆን የመስፊያ ክር ገዛ።

ነገሩ የተለወጠው ስልሳ አንደኛው ቤት ላይ ነው። ስልሳ አንድና ስልሳ ሁለት የወንድማማቾቹ የዘገየና የፈጠነ ናቸው። አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ሳሎኑን መሃል ለመሃል በግንብ ከፍለውታል። ሲካፈሉ የጨው ዕቃው ለዘገየ፣ የበርበሬው ዕቃ ለፈጠነ ደረሰ። ሁለቱም "የራሴ የነበረውን ከሱቅ አልገዛም" ብለው ስለማሉ ዘገየ በርበሬ፣ ፈጠነ ጨው ካዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የጠባቸው ምክንያት ጉርሻ ነው። ያኔ ለነበረው መጋቢ ዘገየ አንድ አጉርሶ ፈጠነም እንዲያጎርስ ሳይጋብዘው እጁን ታጠበ፤ ፈጠነ ተነስቶ ወጣ፤ በማግስቱ ግንበኛ መጣ።

መጋቢ ልሳኑ ማክሰኞ በዘገየ ቤት ጨው የበዛበት አልጫ እየበላ የጠቡን ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ሰማ። ሐሙስ በፈጠነ ቤት ያንኑ ታሪክ ገልብጦ ሰማ። ቀዩ ወጥ ዓይኑን አስለቅሶታል፤ ጨው የሚባል ግን አልነካውም። ሁለት ጎርሶ ቆም አለ። ደጃፍ ላይ የቆመችው ትብለጥ አትክልተኛውን መጋቢ አስታወሰች።

"ወንድም ፈጠነ፣ ማክሰኞ የበላሁት በርበሬ አልነበረውም" አለ መጋቢው።

"የእሱ ነገር እንደዚያ ነው" አለ ፈጠነ።

"ያንተ ደግሞ ጨው የለውም።" ፈጠነ መሬት መሬቱን አየ። መጋቢው ወደ ደጃፉ ዞረ። "እህት ትብለጥ፣ ሦስተኛዋን ከሁለቱም ድስት ቀላቅዬ ብጎርስ ደንቡ ይከለክላል?"

ትብለጥ ደብተሩን አገላበጠች። "ሦስት ጉርሻ ይላል እንጂ ከስንት ድስት አይልም።"

ገና ከአፏ ሳይወጣ ከግንቡ ወዲያ "እኔ ዝግጁ ነኝ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ዘገየ ጆሮውን ግንቡ ላይ ለጥፎ ቆይቶ ኖሯል። ድስቱን ይዞ በዋናው በር ዞሮ ገባ፤ በዚያ በር ሲገባ በዘጠኝ ዓመቱ ነው። የወንድሙን ፊት ላለማየት ድስቱን እያየ፣ "ያን ቀን ሁለተኛዋን ጉርሻ አንተ እንድታጎርስ ትቼልህ ነበር እኮ። እጄን ስታጠብ ነው ተነስተህ የወጣኸው" አለ። ፈጠነ የራሱን ድስት አቀረበ። ሁለቱ ድስቶች ተገላበጡ፤ መጋቢው ጎረሰ፤ ወንድማማቾቹም ጎረሱ። ግንቡ እስከ ቅዳሜ አልቆየም። ትብለጥ ስልሳ አንድንና ስልሳ ሁለትን በአንድ መስመር አያያዘችና "በላ" ብላ ጻፈች። አጥሩ ጋ እንደ ደረሰች ጌጡ ሳይጠይቃት ቀደመችው። "ጌጡ፣ ሁለት ቤት አንድ ሆነ" አለችው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተዛመተ። መጋቢው ምንም የተለየ ነገር አያደርግም። ይበላል፣ ያዳምጣል፣ ማክሰኞ የሰማውን ሐሙስ በጥያቄ ያነሳል። ሰው ደግሞ እንግዳ ፊት ጠቡን ሲያወራ አንዳንዴ ጠቡ ለራሱም ያስቀዋል። የእኔ ቤት መቶ አሥራ ስምንተኛ ነው። ከአማቴ ጋር የተለያየነው በአንድ ወንፊት ምክንያት እንደሆነ ለመጋቢው ስነግረው የገዛ ጆሮዬ አላመነኝም። ወንፊቱም ተቀዶ ከተጣለ ሰባት ዓመቱ ነው። መቶ አሥራ ስምንትና መቶ አሥራ ዘጠኝ በአንድ መስመር ተያያዙ፤ አማቴም ተመልሳ መጥታ ይኸው አሁን ስጽፍ ከኋላዬ ሆና ታርመኛለች።

አቶ ድንበሩ ነገሩ አልጣማቸውም። ተራቸው ሳይደርስ ቤቶች በተዋሐዱ ቁጥር ምሳው ይጎድላል። የቆዩ ቂሞችን ለማስታወስ ሰው ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። "ያ የአጥር ነገር እንዴት ሆነ? እንዲሁ ተዋችሁት እንዴ?" ይላሉ። ሰው ግን "እንኳን አስታወሱን ጋሼ፤ ተረስቶ ነበር። ማክሰኞ መጋቢው ሲመጡ እንጨርሰዋለን" እያለ ያመሰግናቸዋል። እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሦስት መቶ አሥረኛው ቤት ተደረሰ፤ የጌጡ ነው። ጌጡ ሽሮ ሠርቶ አበላ። መጋቢው ግድግዳውን የተደገፈውን ፍራሽ እያየ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ጌጡ ነገረው።

የመጨረሻው ሦስት መቶ አሥራ አንደኛ የትብለጥ የራሷ ነው። ከሌሊቱ ጀምራ ዶሮ ስትሠራ አደረች። ለመጋቢውና ለአቶ ድንበሩ አቀረበች፤ ከዚያ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ መዝገቧን አንስታ፣ ከገዛ ቤቷ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

"በራስሽ ቤት እንኳ?" አለ መጋቢ ልሳኑ።

"ደንብ ነው መጋቢ። ይብሉ።"

አቀርቅሮ በላ። እጁን ሲታጠብ ትብለጥ "በላ" ብላ ጻፈችና መዝገቡን ዘጋችው። በአጥሩ ላይ ጌጡ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። ያን ጊዜ አቶ ድንበሩ የመጨረሻዋን አጥንት ግጠው ሲያበቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንድ ቤት ቀርቷል" አሉ።

ሁሉም ዞሮ አያቸው።

"እኔና ወይዘሮ ዘነበች ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሁለት ቤት ነን። እርሷ ቤቱን ይዛለች፤ እኔ ዕቃ ቤቱን። ምድጃም አስገብቻለሁ። ደንቡ ቤት የሚለው ምድጃ ያለውን ነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ብለሽ ጻፊ ልጄ።"

ትብለጥ ደንቡን ታውቀዋለች፤ ከእርሳቸው በላይ ታውቀዋለች። መዝገቡን መልሳ ከፈተችና ጻፈች። ጌጡ ኮፍያውን መልሶ ደፋ፤ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ እርሷም ቆሎዋን ሳትቀምስ ዋለች። የሚያስፈራት የአንድ ምሳ መጨመር አልነበረም። አቶ ድንበሩ አንድ የሚዋሐድ ቤት ሲያልቅ ሌላ የሚለያይ ቤት ማግኘት እንደሚችሉ ገብቷታል። ከዚያ የከፋም አለ፤ መጋቢው የመጨረሻው ማዕድ ላይ ሦስት ሳይጎርስ ከተነሳ ሁሉም ነገር ከአንድ ይጀምራል።

አቶ ድንበሩ ግን አንድ ነገር አላሰቡም ነበር። "ለሥራ ነው፣ ለጊዜው እንለያይ" ሲሏት ወይዘሮ ዘነበች ነገሩን ሳታንገራግር "ደግ ነው" ብላ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ማድ ቤቷ ብቅ ብለው፣ "ዶሮውን ጀመርሽው?" ብለው ጠየቁ።

"የየትኛውን ቤት ዶሮ?" አለች።

"የእኔን ቤት ነዋ።"

"የሰው ቤት ወጥ ምን አገባኝ አቶ ድንበሩ? እኔ አንድ ጊዜ አብልቻለሁ፤ ተመዝግቧል" ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችባቸው። የቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን ጣሉ ማለት ይህ ነው። ከሦስት መቶ በላይ ሰው ቤት በልተው ሳለ የማያውቁት አንድ ነገር ቢኖር ወጥ እንዴት እንደሚሆን ነው።

እኩለ ቀን ላይ ከተማው በሙሉ ዕቃ ቤቱ ፊት ቆሟል። ከውስጥ ጭስ፣ ሳል፣ የሚወድቅ ክዳን ድምፅ ይሰማል። አቶ ድንበሩ ዓይናቸው ቀልቶ ድስቱን ሲያወጡ ፊት ያሉት ሰዎች ወደ ኋላ ሸሹ። ዶሮው ከታች አሯል፤ ከላይ ጥሬ ነው፤ ላባውም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ጨው ይኑረው በርበሬ ማወቅ አይቻልም። ጌጡ ወደ ትብለጥ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ፣ "አንድ እንኳ ቢጎርስ ሦስት ብለሽ ጻፊ። እግዜር ያውቃል" አላት። ትብለጥ መዝገቡን ገልጣ ዓይኗን ከድስቱ ሳትነቅል ቆመች።

መጋቢ ልሳኑ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። "ጋሽ ድንበሩ፣ እርስዎም ይቀመጡ። ብቻዬን አልበላም" አለ።

አቶ ድንበሩ ተቀመጡና ቀድመው ጎረሱ። መዋጥ አቃታቸው። ጉንጫቸውን ወጥረው እንደ ተቀመጡ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። በስንት መከራ ዋጡትና፣ "ይቅርብዎት መጋቢ፣ ይህ ለሰው የሚሆን አይደለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አሉ።

መጋቢው ድስቱን ትንሽ አየው። "እናታችን በሞተች ሰሞን አባታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራልንን ወጥ ይመስላል" አለ። "ያኔ አባታችን እያየን ስለነበር ሁላችንም ጨርሰነዋል።" ይህን ብሎ ጎረሰ። ሁለተኛ ጎረሰ። ሦስተኛውንም አነሳ። ጎረሰ። ከዚያ አራተኛ ጨመረ፤ አራተኛውን የሚያስገድደው ምንም ደንብ አልነበረም።

ትብለጥ እጁን እስኪታጠብ ጠበቀችና "በላ" ብላ ጻፈች።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ዘነበች ሰዉን ሰንጥቃ መጣች። ድስቱን አየች፣ ባሏን አየች። "ይህ ሰው ጨው የት እንደሚቀመጥ አርባ ዓመት ሙሉ ጠይቆኝ አያውቅም" አለች ለሁላችንም።

አቶ ድንበሩ ቀና አሉ። "የት ነው ዘነቡ?" አሏት በትንሽ ድምፅ።

"ና ላሳይህ" ብላ ይዛቸው ገባች። ትብለጥ መዝገቡን የመጀመሪያው ገጽ ድረስ መልሳ ገልጣ አንድንና ሦስት መቶ አሥራ ሁለትን አያያዘቻቸው።

እሑድ ከመቀመጫው የቆመው ይበልጥ ነበር። መጋቢ ልሳኑ ወደ መድረኩ ወጣ። ከኪሱ ያቺን ከሁለት ዓመት በፊት ያመጣትን ወረቀት አወጣ፤ እጥፋቷ ላይ ልትቆረጥ ደርሳለች። አየት አደረጋትና መልሶ አጠፋት። ከዚያ ቀና ብሎ አየን። የሁላችንንም ቤት ያውቃል፤ እኛም እንደሚያውቅ እናውቃለን።

"በዚህ ቤት ውስጥ ያልበላ ሰው አለ?" አለ።

እርስ በርሳችን ተያየን። ከእርሱ ጋር ያልበላ ማን አለ? ከወደ ኋላ አንድ እጅ ቀስ ብሎ ወጣ። የጌጡ ነው።

"ትብለጥ አልበላችም" አለ።

"አዎ" አለ መጋቢው። "ሁለት ዓመት ሙሉ በየደጃፋችሁ ቆማለች። እናንተ አበላችሁኝ፤ እኔ በላሁ፤ እርሷ በላ ብላ ጻፈችልኝ። ቆማ እያየኋት ነው የጎረስኩት። በገዛ ቤቷ ደጃፍ እንኳ። ይቅር በይኝ እህት ትብለጥ።" ሌላ ምንም አልተናገረም። ከመድረኩ ወርዶ ከእኛ ጋር ቆመ።

እኔ ቤት የመጣችበት ቀን ዝናብ እንደነበር አስታወስኩ። መዝገቡ እንዳይርስ በነጠላዋ ሸፍናው እርሷ ራሷ ከጣሪያው ጠብታ ሥር ቆማ ነበር። ይህን አይቻለሁ፤ አይቼ ዶሮዬን በልቻለሁ። ቀና ስል ሰዉ ሁሉ ወለል ወለሉን ያያል።

አቶ ድንበሩ ከልማዳቸው የተነሳ ይመስለኛል፣ በክፋት አልነበረም፣ "ይህ እንግዲህ ስብከት ነው ወይስ ጥያቄ?" አሉ። ጉባኤው በሙሉ ወደ ትብለጥ ዞረ። የምትወስነው መዝገብ ጠባቂዋ ናት። ጌጡ ዓይኖቹን ጨፈነ፤ ትብለጥ ለራሷ ብላ አንዲት ፊደል እንደማትጨምር ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ትብለጥ ወደ ጉባኤው ዞረች። ከዚያ መዝገቡን ደረቷ ላይ እንደያዘች፣ "የነካው ሰው አለ?" ብላ ጠየቀች።

ዘገየ እጁን አወጣ። ፈጠነ አወጣ። እኔ አወጣሁ፤ አማቴም አወጣች። ወይዘሮ ዘነበች የራሷን አውጥታ ሁለተኛውን እጇን የባሏ ክንድ ላይ ጣል አደረገች፤ አቶ ድንበሩም አወጡ። "እኔን ነው የነካው" የማይል ሰው ጠፋ፤ ግን የተቀየመ አልነበረም። ትብለጥ አንድ በአንድ አየችን። ያየችውን ማስቀረት አትችልም። መዝገቡን ገልጣ "ሰበከ" ብላ ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ፤ ጌጡ ነው ያነሳላት።

ሐሙስ ተጋቡ። ፍራሹ እንደገና ሳይፈታ ወደ ቤት ገባ። የሠርጉን ምሳ ሁሉም ቤት ከየድስቱ አዋጥቶ ሠራው። ትብለጥ ቤቱ ውስጥ ገብታ የት እንደምትቆም ሲጠፋት ደጃፉን ደጃፉን ታይ ነበር፤ ወይዘሮ ዘነበች ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። "መዝገቡስ?" አለች ትብለጥ። አዲስ ቤት ነው፤ አዲስ ቤት ሲመሠረት መዝገብ የያዘ ሰው ደጃፍ ላይ ሳይቆም አይበላም።

አቶ ድንበሩ ምንም ሳይሉ መዝገቡን ከእጇ ተቀበሉና ወጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ዶሮው ሲያልፍ ሽታው ዓይናቸውን አስጨፈናቸው እንጂ አልገቡም። ጌጡ አንድ አጎረሳት። "አንድ ያጣላል" ብሎ ሁለተኛ ጨመረላት። ሦስተኛውን መጋቢ ልሳኑ አጎረሳት። እያላመጠች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች። አቶ ድንበሩ እጇን እስክትታጠብ ድረስ በትዕግሥት ጠበቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ አዲስ ገጽ ገልጠው፣ በዚያ መዝገብ ላይ ተጽፎ የማያውቀውን ቃል ጻፉ፤ "በላች"።